ልጆቼ ሀ ሁን ያዜማሉ እንጂ አያነቡም

ጥያቄው፦ «በወሎ፣ በኩታበር አካባቢ የ1ኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ሀ ሁን ከላይ እስከ ታች ሳይሳሳቱ ይሉታል። ከመሀል አንዷን ፊደል ነክቼ ‹ይቺ ማን ናት?› ስላቸው ግን ከመጀመሪያው ጀምረው ካልቆጠሩ አይመልሱልኝም። ሰሌዳው ላይ ‹በሬ› ብዬ ብጽፍ የሚያነብልኝ ከአምስት ልጅ አይበልጥም። ወላጆች ‹በየኔታ ጊዜ እንዲህ አልነበረም› ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ቁርኣን ቤት የሚቀራ አንድ ልጅም አለኝ፤ እዚያ ጎበዝ ነው ይሉታል፣ እኔ ጋ ግን አፉን አይከፍትም። ጥፋቱ የኔ ነው? ምን ላድርግ?»

እህት ዓለም፣ መጀመሪያ አብሽሪ። የነገርሽኝ ችግር የአንቺ ክፍል ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ልጆች የንባብ ምዘና ሲደረግ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደ አዲስ እንዲዘጋጁ ያደረገውም ያ ውጤት ነው። ስለዚህ ራስሽን አትውቀሺ። ጥያቄውን መጠየቅሽ ራሱ ብዙ ነገር ይነግረኛል፤ ብዙዎቻችን ዜማው ሲያምር ደስ ብሎን ዝም እንላለን።

እኔም ብዬ ነበር። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የክፍሌ ዜማ ከመንገድ ይሰማ ነበር። መንገደኛ ቆሞ ያዳምጠናል፣ ሱፐርቫይዘሩም አመስግኖኝ ሄዷል። አንድ ቀን ልጆቹ እያዜሙ ሳለ ንፋስ የፊደል ገበታውን ከግድግዳው ገንጥሎ ጣለው። ልጆቹ ግን አላቆሙም። መሪዋ ልጅ በመጠቆሚያዋ ባዶውን የጭቃ ግድግዳ እየነካች፣ ሌሎቹም ግድግዳውን እያዩ፣ ከረ እስከ ፐ ወረዱት። አንድም አልተሳሳቱም። ልጆቹ ያን ገበታ አንድም ቀን አይተውት እንደማያውቁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፊደል አስተማርኳቸው ስል ዜማ ነበር ያስተማርኳቸው።

የሆነው ይህ ነው። ፊደላችን ለዜማ የተመቸ ነው። 33ቱ ቤቶች እያንዳንዳቸው በሰባት ሲወጡ 231 ይሆናሉ፤ ድምፃቸው ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየቤቱ በአንድ ስልት ስለሚደጋገም ጆሮ በጥቂት ሳምንት ይይዘዋል። ዓይን ግን አንዱን ቅርጽ ከሌላው ለመለየት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ጆሮ ቀድሞ ሲደርስ ልጁ ዓይኑን ማስቸገር ይተዋል፤ ለምን ብሎ ይቸገር? መልሱን በአፉ ይዞታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን የት እንዳለ ለይተሽ እወቂ። ከብስኩት ካርቶን ላይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቁረጪና መሀሉን አንድ ፊደል ብቻ በምታሳይ ቀዳዳ ብሺው። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ገበታ በዚያ ሸፍነሽ፣ ቀዳዳዋን ወዲያና ወዲህ እያዛወርሽ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አሥር ፊደል አሳዪው። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሌሎቹ ሲጽፉ በቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ልጅ ብትጠሪ በሳምንት 62ቱን ትጨርሻለሽ።

ስትሰሚያቸው ልዩነቱ ላይ አተኩሪ። «ቤ»ን ስታሳዪው «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» ብሎ የሚደርስ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ቤቱን ያውቀዋል፣ የጠፋበት በሩ ብቻ ነው። ከሀ የሚጀምር ልጅ ደግሞ አለ፤ እሱ ቅርጹን ጨርሶ አያውቀውም። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ የሚያስፈልጋቸው ሥራ ግን ለየቅል ነው። ለመጀመሪያው ልጅ በየቤቱ ውስጥ ያለውን ምልክት ማሳየት ይበቃዋል። ለሁለተኛው ከጥቂት ፊደላት እንደ አዲስ መነሳት ግድ ነው።

ወላጆች ስለ የኔታ የሚሉትን በንቀት አትለፊው፤ እውነት አለበት። እነሱ የሚያስታውሱት ዜማውን ነው፣ የኔታ ግን ከዜማው በኋላ የሚሠሩት ሥራ ነበራቸው። ልጁ ሀ ሁን ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገር ነበር። አቡጊዳ ምን እንደሆነ ቆም ብለሽ አስቢው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ግዕዙ ከአንድ ቤት፣ ካዕቡ ከሌላ፣ ሣልሱ ከሌላ። የቤቶቹም ተራ ሌላ ነው። በሀ ሁ ዜማ የተደገፈ ልጅ እዚህ ሲደርስ ድጋፉን ያጣና ፊደሉን በዓይኑ ለማየት ይገደዳል። የጥንት መምህራኖቻችን የአንቺን ችግር አይተውት መድኃኒት አበጅተውለታል ማለት ነው። ዛሬ የዓለም የቋንቋ ምሁራን የኛን ዓይነት የአጻጻፍ ሥርዓት ሁሉ «አቡጊዳ» ብለው የሚጠሩት ይህንኑ ስም ከኛ ወስደው ነው፤ እኛ ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንከፍት ሀ ሁን ይዘን አቡጊዳን ጥለነው መጣን። እኔ በዚህ ሁልጊዜ እቆጫለሁ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ልጁ የኔታ ፊት ወይም ከፍ ያለ ተማሪ ፊት ብቻውን ይቀርባል፣ በስንደዶ ወይም በጭራሮ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ይቆጥራል። ያላወቃትን ሳያውቅ አያልፍም። ቁርኣን ቤትም እንደዚሁ ነው፤ ልጁ የራሱ ሉህ፣ ማለትም የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ አለው፣ የተጻፈለትን ሳይጨርስ ሉሁ አይታጠብም። ሁለቱም ዘንድ ልጅ የሚሄደው በራሱ እርምጃ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ያህል ገዳም፣ ዳናንና ገታን ያህል የእስልምና ትምህርት ቦታ ባለበት አገር ይህን ዕውቀት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። የምንተወው ግን አለ። አለንጋው ይቅር። ትርጉሙን ሳያውቅ ማንበቡም ለግዕዝና ለዐረብኛ የራሱ ዓላማ አለው፣ ለ1ኛ ክፍል አማርኛ ግን አይሆንም። ለምን እንደማይሆን ወደ ታች እነግርሻለሁ፤ የመልሴ ዋናው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የፊደሉን ተራ ለማስተማሪያነት አትከተዪው። ተራው ለመዝገበ ቃላት ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ልጅ ግን አይመችም። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ቤቶች ተመልከቺ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ሀ እና ሐ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ሠ እና ሰም አንድ ናቸው። ልጁ 49 ቅርጽ ተምሮ የሚያተርፈው ቢበዛ የ35ቱን ድምፅ ነው። አንዱ ድምፅ ለምን ሁለት መልክ እንዳለው ደግሞ ማንም አልነገረውም። በ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ተ፣ ነ፣ ደ፣ ገ ብትጀምሪ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልጁ ብዙ ቃል ማንበብ ይችላል። የሚመሳሰሉትን አራርቂያቸው፤ ለ እና ሰ፣ ተ እና ቀ በአንድ ሳምንት አይግቡ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሚመጡት እናቶቻቸው በደንብ ከታወቁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ «ሰ ቆብ ስታደርግ ሸ ትሆናለች» ብትያቸው ወዲያው ይይዙታል።

ስለ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ አጠር አድርጌ ልለፈው። ልጆቹ ይዩአቸው፣ ስማቸውንም ይስሙ፣ ግን በ1ኛ ክፍል ማንም ልጅ «ሰላም»ን በንጉሡ ሠ ስለጻፈ ኤክስ አይደረግበት። እኔ አጻጻፍ ሲዛነፍ የሚያንገበግበኝ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ጊዜው ገና ነው።

በየቤቱ ውስጥ ያለውን ምልክት ለማሳየት ገበታውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም አንብቡት። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፦ ካዕብ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ቅጥያ አለው። ሊ፣ ሚ፣ ሲ፣ ቢ፦ ቅጥያው ወደ እግሩ ወርዷል። ሌ፣ ሜ፣ ሴ፣ ቤ፦ እግሩ ላይ ቀለበት አለ። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ቢያገኙት ይሻላል፤ «እነዚህ አራቱ በምን ይመሳሰላሉ?» ብለሽ ጠይቂና ጠብቂ። ራብዕም ብዙውን ጊዜ በእግሩ ይታወቃል። እንደ ሩ እና ፉ ያሉ ከደንቡ የሚያፈነግጡ አሉ፣ ሲመጡ ንገሪያቸው። ሳድስና ሳብዕ ግን ደንብ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ል፣ ብ፣ ር፣ ን፣ ት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው። እነሱን በገበታ ላይ ለማስያዝ አትድከሚ፣ በቃል ውስጥ አስተዋውቂያቸው።

ከፊደሉ ጎን ለጎን ጆሮ አለ። ልጁ «ጀበና» የሚለው ቃል ጀ፣ በ፣ ና ተብሎ እንደሚከፈል ካልሰማ ሦስቱን ፊደላት ለይቶ ቢያውቃቸውም አይገጥሙለትም። ጠዋት አምስት ደቂቃ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ደብተር በጭብጨባ ተጫወቱ፦ በ-ሬ፣ ዶ-ሮ፣ ሎ-ሚ፣ ገ-በ-ያ፣ ባ-ቄ-ላ። ቀጥሎ ገልብጪው፤ አንቺ «ሎ … ሚ» በይና እነሱ ይግጠሙት። ከዚያ «ከዶሮ ላይ ‹ሮ›ን ብንጥል ምን ይቀራል?» በያቸው። በዚህ ጨዋታ ዝም የሚሉትን ልጆች ልብ በይ፤ ከሀ ጀምረው የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ከሚሴ በኩል በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን በቁቤ ስለሚጽፉ ስለ ፊደል የነገርኩሽ አይመለከታቸውም፤ ይህ የጆሮ ሥራ ግን ለነሱም ያው ነው።

እነዚህን ቃላት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁሉም ላይ አንድ ጭብጨባ አንድ ፊደል ነው። «ላም»ን ብታመጪ ግን ልጁ አንዴ ያጨበጭባል፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ያያል። «ላም» ለኛ ቀላል ቃል ነው፣ ለጀማሪ ልጅ ግን ከ«ገበያ» ይልቅ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሱ እንጀምራለን። ከሳድስ ነፃ የሆኑትን ቃላት ሁለት ሳምንት ካነበቡ በኋላ ወደ «ላም»፣ «ቤት»፣ «ጤፍ» ሂጂ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ልጆች የሚሰበሩት እዚህ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ልብስ» የሚለውን ተመልከቺ፤ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፣ በአፍሽ ግን ል ላይ ትንሽ ትቆሚያለሽ፣ ብ እና ስ ተጣብቀው ይወጣሉ። «ትምህርት» አምስት ሳድስ ነው። በዜማ የተማረ ልጅ እያንዳንዷን እንደ ገበታው አጥብቆ «ት … ም … ህ … ር … ት» ይላል፣ ከዚያ የወጣው ድምፅ ከሚያውቀው ቃል ጋር አልገጥም ብሎት ዝም ይላል። ፊደሉን ሁሉ ያውቃል፣ ቃሉንም በአፉ ሲጠራው ይውላል፣ ግን አልተገናኙለትም።

የሚያገናኛቸው ትርጉሙ ነው። ልጁን «ፈጠን አድርገህ በለው፤ ምን የሚባል የምታውቀው ነገር ይመስላል?» በይው። «ልብስ!» ሲል ፊቱን እዪው። ይህ ግምት ነው ብለሽ አትከልክዪው። ፊደሎቹን አይቶ፣ ድምፃቸውን አውጥቶ፣ ከሚያውቀው ቃል ጋር አስተያይቶ ከወሰነ አነበበ ይባላል። ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ሸሚዝ» ካለሽ ግን ጣቱን ወደ ፊደሉ መልሺው።

መጥበቅና መላላትም እንደዚሁ ነው። አጻጻፋችን አያሳየውም። ሰሌዳው ላይ እነዚህን ሁለቱን ጻፊላቸው፦ «ገና ደረሰ።» «ልጁ ገና አልደረሰም።» የፊደሎቹ መልክ አንድ ነው፣ የመጀመሪያው ግን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። ወይም «ሰፊው ሱሪዬን ሰፋው» እና «ሰፊው ሜዳ»። ልጁ የትኛውን ማጥበቅ እንዳለበት የሚነግረው ፊደሉ አይደለም፣ የዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «መጀመሪያ ማንበብ ይልመድ፣ መረዳቱ በኋላ ይመጣል» ማለት አይቻልም። ሳይረዳ በትክክል ማንበብ ራሱ አይችልም። ዜማው የሚያታልለንም ለዚህ ነው፤ ዜማው ውስጥ ምንም ሐሳብ የለም፣ ልጁ ለሐሳብ ጆሮውን እንዲዘጋ ያለማምደዋል።

ከዚህ የተነሳ የሚያነቡት ነገር የሚያውቁት ነገር ይሁን። የመጽሐፉን ምንባብ አትተዪ፣ ግን በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ጠይቀሽ እነሱ የነገሩሽን ጻፊ። ትናንት ማን ገበያ ሄደ? አያትህ ማታ ምን ተረት ነገሩህ? ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ልጁ ራሱ የተናገረውን ሰሌዳው ላይ ሲያየው ለማንበብ አይፈራም። «ተቤት መጣሁ» ቢልሽ እንዳለው ጻፊለት። «ከቤት» የሚለውን ከመጽሐፉ ይማረዋል፤ መጀመሪያ የገዛ አፉ በፊደል እንደሚያዝ ይወቅ። እንቆቅልሽም አምጪ። «እንቆቅልሽ?» «ምን አውቅልሽ!» ተባብለው መልሱን ከአራት ካርድ መሀል እንዲመርጡ አድርጊ፤ እኔ እንደዚያ አድርጌ ያላነበበ ልጅ ጥቂት ነው።

62 ልጅ በአንድ ክፍል ከባድ ነው፣ ይህን አልክድም። የሚረዳሽ ልጆቹ እርስ በርስ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። በቀዳዳዋ ካርቶን የለየሻቸውን አስታውሺ፤ ወዲያው የሚለዩትን ቤቱን ብቻ ከሚያውቁት ጋር ጥንድ ጥንድ አድርገሽ አስቀምጪ። ከሀ የሚቆጥሩትን ግን ለጓደኛ አትስጪያቸው፣ እነሱ የአንቺ ናቸው። ከፊት አስቀምጪያቸውና ጥንዶቹ በካርድ ሲጠያየቁ አንቺ አሥራ አምስት ደቂቃ ከነሱ ጋር ሁኚ። ካርድ ከካርቶን፣ ጽሕፈት በአሸዋ ወይም በመሬት ላይ በጣት፣ ቆጣሪ በበቆሎ ፍሬ ይሆናል። የሚገዛ ነገር የለውም።

ለወላጆችም ሥራ ስጪ፣ ያልተማሩትንም ጨምሮ። ማንበብ የማይችል አባት ልጁን ገበያ ሲወስደው የሚኒባሱን ታፔላ፣ የሳሙናውን ልባስ፣ የዱቄቱን ጆንያ እያሳየ «ይቺ ማን ናት?» ማለት ይችላል። ከአያቶች መሀል ከ1971 ዓ.ም. በኋላ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ በኩራዝ የተማሩ አሉ። ጠርተሽ ክፍል ውስጥ አስነብቢያቸው፤ ልጆቹ አያት ሲያነብቡ አይተው የሚሆኑትን አሁን አልነግርሽም።

ስለዚያ ዝም ስላለው ልጅ። ቁርኣን ቤት የሚቀራ ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ለምዶ ይሆናል፤ «ሎሚ»ን «ሚሎ» ቢልሽ የአእምሮ ችግር አይደለም፣ አቅጣጫ ነው። ደብተሩ ላይ በግራ ጠርዝ አንድ ቀይ ነጥብ አድርጊለትና «ከዚህ ነው የምንነሳው» በይው፤ ብዙ ሳይቆይ ይለምደዋል። ከዚህ በላይ ግን እሱ የያዘው ሀብት አለ። ፈትሃ፣ ከስራና ደማ የሚባሉት የዐረብኛ የድምፅ ምልክቶች ሲደረጉበት አንዱ ሐርፍ (ፊደል) ድምፁን እንደሚለውጥ ያውቃል። የኛም በ፣ ቡ፣ ቢ ያው ሐሳብ ነው፤ አካሉ አንድ፣ ምልክቱ ሌላ። ይህንን ለክፍሉ እንዲያስረዳ ጋብዢው፣ ሰሌዳው ላይ «ባ»ን በሁለቱም ይጻፍላችሁ። የወሎ ሸኾች አማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል በዐጀሚ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ሁለቱ ፊደሎች በዚህ አገር ባዳ አይደሉም። ከተቻለሽ ሸኹን ሄደሽ አነጋግሪያቸው፣ ልጁ እዚያ እንዴት እንደሚቀራ እዪ።

ነገ ጠዋት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስሙን በካርድ ላይ ጽፈሽ ዴስኩ ላይ አስቀምጪለት። ለ62ቱም እንዲሁ አድርጊ፤ ካርዶቹን በየቀኑ ደባልቂና በር ላይ ዘርጊያቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን አንስቶ ይግባ። የራሱን ካገኘ በኋላ የጎረቤቱን እንዲፈልግ አድርጊ። ሀ ሁንም አታቁሚ፣ ግን ለመውጫ ሰዓት አድርጊው፣ ሲያዜሙም መሪው ከመሀል ይጀምር። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያችው ቀዳዳ ካርቶን ደግመሽ ሞክሪያቸው፤ ከሀ ይቆጥሩ ከነበሩት ስንቱ ወደ ቤቱ እንደተሻገረ፣ እነማንስ ገና እዚያው እንዳሉ ጻፊልኝ። ለቀሩት ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።